ሙቀት የኢንዛይምን ፍጥነት እንዴት ይለውጣል? በብቅል የሚሠራ ሙከራ፣ ከዝግጅት እስከ ግራፍ

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ የኢንዛይም (በሕያዋን ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ያንን ግራፍ ያውቀዋል። ከግራ ተነስቶ እየወጣ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ከሰሌዳ ገልብጠን፣ አናቱ ላይ «ኦፕቲመም» (ተስማሚው ሙቀት) ብለን ጽፈን፣ ለፈተና ሸምድደነው እናልፋለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያ አንድ መስመር በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟልና። መስመሩን ወደ ላይ የሚያወጣው ምክንያት ሌላ ነው፣ ወደ ታች የሚያወርደውም ሌላ። ሁለቱን ለይቶ ያልተረዳ ተማሪ «ቅዝቃዜ ኢንዛይምን ያበላሻል» ወይም «ለሁሉም ኢንዛይም ተስማሚው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ነገሩን ለመረዳት ግራፉን በገዛ እጅ ከመሥራት የተሻለ መንገድ አላውቅም። ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ብቅል፣ ስታርች፣ አዮዲን፣ ቴርሞሜትርና ሰዓት ካሉ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን የተጻፈ ነው፤ ቤቱ ውስጥ መሞከር የሚፈልግም ይከተለው።

ለምን ብቅል?

ገብስ ሲበቅል በፍሬው ውስጥ ያጠራቀመውን ስታርች ለቡቃያው ምግብ ማድረግ አለበት። ለዚህም አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም በብዛት ያዘጋጃል። አሚሌዝ ረጅሙን የስታርች ሰንሰለት ይቆራርጥና ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ጠላ ጠማቂዎች ብቅል የሚጨምሩት በዋናነት ለዚህ ነው፤ እርሾ ስታርችን እንዳለ መጠቀም ስለማይችል መጀመሪያ ስኳር የሚያደርግለት ይፈልጋል። በ1833 ፈረንሳውያኑ አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ ብቅል ከተዘፈዘፈበት ውሃ ላይ በአልኮል አዝቅጠው የለዩት ነገርም ይኸው ነበር። «ዲያስቴዝ» አሉት፤ ከሕያው ነገር ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ተብሎ ይታወቃል።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህ ሙከራ በጉበትና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሠራል። አረፋው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ፐርኦክሳይዱ ራሱ ሲሞቅ ያለ ኢንዛይምም ስለሚፈርስ ውጤቱን ያደበላልቃል። በምራቅ መሥራትም ይቻላል፣ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለክፍል ሥራም ንጽሕናው አይመችም። ብቅል ግን አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የገብስ ብቅል 10 ግራም፣ የበቆሎ ወይም የድንች ስታርች 1 ግራም፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ቲንክቸር አዮዲን፣ መርፌ የሌላቸው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች፣ ቴስት ቲዩቦች ወይም ቀጫጭን የመስታወት ብልቃጦች፣ ነጭ ሳህን ወይም የሴራሚክ ንጣፍ፣ ጠብታ ማንሻ፣ በረዶ፣ እስከ 100 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር። የሕክምና ቴርሞሜትር አይሆንም፤ የሚለካው በ42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል።

ብቅሉ በፀሐይ የደረቀ እንጂ የተቆላ መሆን የለበትም። አሻሮ ከዚያው ከገብስ ቢሠራም ለዚህ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ ምጣድ ላይ ሲቆላ ኢንዛይሙ አብሮ ጠፍቷል።

ዝግጅት

ከብቅሉ ጀምሩ። በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ አድቅቁትና በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ኢንዛይሙ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ አስክኑትና ከላይ ያለውን ፈሳሽ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በቡና ፊልተር ወረቀት አጥሩት። ትንሽ ቢደፈርስ ችግር የለውም። በረዶ ላይ አስቀምጡትና በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

አንድ ጠብታ ወስዳችሁ በአዮዲን ፈትኑት። ቢጠቁር ከብቅሉ የወጣ ስታርች አለበት ማለት ነውና እንደገና አስክናችሁ ጥሩውን ከላይ ቅዱ።

ስታርቹን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። ከዚያ በሚፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩትና መጠኑ በጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር ይሁን። ፈሳሹ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ አፍሉትና አቀዝቅዙት። ሚዛን ከሌላችሁ 1 ግራም የሻይ ማንኪያ ሲሶ ያህል ነው። ማፍላቱን እንዳትዘሉት። ጥሬ ስታርች በጠጣር ቅንጣት ውስጥ የታሸገ ስለሆነ ኢንዛይሙ በቀላሉ አይደርስበትም፤ የምትለኩት የኢንዛይሙን ፍጥነት ሳይሆን የቅንጣቱን ጥንካሬ ይሆናል።

አዮዲኑን አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኑት፤ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ መምሰል አለበት። ልብስና ቆዳ ስለሚያቀልም ተጠንቀቁ፤ ወደ ዓይንም እንዳይረጭ።

ውሃዎቹን በሙቀታቸው ማሰናዳት

ስምንት ሙቀት ምረጡ፦ በረዶ ያለበት ውሃ፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60፣ 70 ዲግሪ፣ በመጨረሻም የሚፈላ ውሃ። ጊዜ ካላችሁ ከ50 በላይ ያለውን በየ5 ዲግሪው ከፋፍሉት፤ አስገራሚው ነገር ያለው እዚያ ነው። ያጠረ ጊዜ ካላችሁ 30ን ተዉት እንጂ ከ60 በላይ ያለውን አትቀንሱ።

ሙቀት ጠብቆ የሚያቆይ መሣሪያ ከሌለ አፈ ሰፊ ፔርሙስ በደንብ ያገለግላል። ድስትም ይሆናል፣ ግን ትልቅ ይሁን፤ ብዙ ውሃ ቶሎ አይበርድም። ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሲወርድ ጥቂት ፍል ውሃ እየጨመራችሁ መልሱት።

የሚፈላውን ውሃ በተመለከተ፣ በደጋ ከተማ ያላችሁ «100 ዲግሪ» ብላችሁ አትጻፉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ቁጥር ጻፉ። ቴርሞሜትሩን ራሱን ለመፈተሽ ደግሞ በደንብ በተፈጨ በረዶና ውሃ ድብልቅ ውስጥ ክተቱት፤ በየትኛውም ከፍታ 0 ማሳየት አለበት።

የሙከራ ሙከራ

ወደ ዋናው ሥራ ከመግባታችሁ በፊት በ40 ዲግሪ አንድ ጊዜ ሞክሩ። 5 ሚሊ ሊትር ስታርችና 1 ሚሊ ሊትር የብቅል ውሃ ቀላቅላችሁ ስታርቹ እስኪያልቅ ምን ያህል እንደሚፈጅ እዩ። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ከሆነ ጥሩ ነው። በአንድ ደቂቃ ካለቀ የብቅል ውሃውን በእጥፍ ወይም በአራት እጥፍ አቅጥኑት፤ አለበለዚያ በ60 ዲግሪ መለካት እስኪያቅታችሁ ይፈጥናል። ሩብ ሰዓት ካለፈው ብቅሉ ደካማ ነው፤ የብቅሉን መጠን በእጥፍ ጨምራችሁ እንደገና ዘፍዝፉ። ተስማሚውን መጠን አንዴ ካገኛችሁ በኋላ እስከ መጨረሻው አትለውጡት።

ዋናው ሥራ

ነጩ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎችን በመስመር ደርድሩ። በአንድ ቲዩብ 5 ሚሊ ሊትር ስታርች፣ በሌላው 1 ሚሊ ሊትር የብቅል ውሃ አድርጉ። ስታርቹን አስቀድማችሁ በተመረጠው ሙቀት ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አቁሙት። የብቅሉን ቲዩብ ግን ለሁለት ደቂቃ ብቻ። ከበረዶ የወጣ የብቅል ውሃ እንዳለ ቢጨመር የድብልቁን ሙቀት ያወርደዋል፤ ለረጅም ጊዜ ቢሞቅ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ሥራ ሳይጀምር መበላሸት ይጀምራል። ሁለት ደቂቃው በሁሉም ሙቀት ላይ እኩል ይሁን።

ሁለቱን ቀላቅሉ፣ ሰዓቱን አስነሱ፣ ቲዩቡን ከውሃው ሳታወጡ በየ30 ሰከንዱ አንድ ጠብታ ቅዱና ሳህኑ ላይ ካለ አዲስ የአዮዲን ጠብታ ጋር ቀላቅሉት። መጀመሪያ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ስታርቹ እየተቆረጠ ሲሄድ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል፤ በመጨረሻ አዮዲኑ የራሱን ቢጫ ቡኒ ቀለም ይዞ ይቀራል። ያ ሰዓት ማብቂያው ነው። በሰከንድ መዝግቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሙከራ የሚበላሽበት አንድ ነገር አለ። አዮዲኑን በቀጥታ ትኩሱ ቲዩብ ውስጥ አትጨምሩ። የስታርችና የአዮዲን ሰማያዊ ቀለም ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በ80 ዲግሪ ቲዩብ ውስጥ አዮዲን የጨመረ ሰው ቀለሙ ሲጠፋ አይቶ «ኢንዛይሙ በጣም ፈጠነ» ይላል፤ ስታርቹ ግን አንድም አልተነካም። ጠብታው ቀዝቃዛ ሳህን ላይ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ጠብታ ማንሻውን ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው ስትወስዱ እጠቡት። በ20 ደቂቃ ያላለቀ ካለ «በ20 ደቂቃ አላለቀም» ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ብላችሁ አትጻፉ፤ በተለይ የበረዶው ቲዩብ በዝግታም ቢሆን እየሠራ ነው። እያንዳንዱን ሙቀት ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ከራቀ ያንን ሙቀት እንደገና ሥሩት።

ሁለት ማነጻጸሪያ ቲዩቦችም አዘጋጁ፦ በአንዱ ስታርችና ንጹሕ ውሃ በ70 ዲግሪ፣ በሌላው ስታርችና አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ የብቅል ውሃ በ40 ዲግሪ። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ጥቁር ሆነው መቆየት አለባቸው። ስታርቹን የጨረሰው ሙቀቱ ብቻውን ወይም ብቅሉ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር አለመሆኑን የምታረጋግጡት በእነዚህ ነው።

ሁለቱን ቲዩቦች አትድፉ

የበረዶውና የፈላው ቲዩብ ከ20 ደቂቃ በኋላም ጥቁር ይሰጣሉ። ላዩን ሲያዩት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አልሠሩም»። የፈላውን አቀዝቅዙትና ሁለቱንም በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፤ በየደቂቃው ፈትኑ። የበረዶው ቲዩብ ሥራውን ይቀጥልና ስታርቹን ይጨርሳል። የፈላው ግን ባለበት ይቀራል። ከመላው ሙከራ አንዱን ብቻ አሳይ ብትሉኝ የማሳየው ይህንን ነው፤ ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን አዘገየው እንጂ አልጎዳውም፣ ፍላቱ ግን ቅርጹን አፈረሰው።

ስሌቱና ግራፉ

የለካችሁት ጊዜን ነው፣ ፍጥነትን አይደለም። ጊዜው ሲያጥር ፍጥነቱ ስለሚጨምር 1ን ለጊዜው አካፍሉ። ቁጥሩ በጣም ትንሽ እንዳይሆን 1000ን በሰከንዱ ማካፈል ይቀላል። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ 800 ሰከንድ ቢፈጅ ፍጥነቱ 1.25 ይሆናል፤ በ30 ዲግሪ 400 ሰከንድ ቢፈጅ 2.5። ሙቀቱን በአግድሙ፣ ፍጥነቱን በቋሚው መስመር ላይ አድርጉ። ነጥቦቹን በተለሳለሰ ኩርባ አያይዙ እንጂ በማስመሪያ አትቀጥሏቸው።

የ30ውን ፍጥነት ለ20ው ስታካፍሉ የሚገኘው ቁጥር «ኪው አሥር» ይባላል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ከላይ ባለው ምሳሌ 2 ነው። ብዙ ኢንዛይሞች ከመበላሻቸው በታች ባለው ሙቀት ከ2 ብዙ አይርቁም።

ይህ እጥፍ መሆኑ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ነገር ነው። 20 ዲግሪ በኬልቪን 293 ነው፣ 30 ደግሞ 303። የሞለኪውሎቹ አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት የጨመረው በ3.4 በመቶ ብቻ ነው። ታዲያ ፍጥነቱ ለምን እጥፍ ይሆናል? «ሞለኪውሎች ስለሚጋጩ» የሚለው የተለመደ መልስ አይበቃም፤ ግጭቱማ በጥቂቱ ነው የሚጨምረው። ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ በ1889 ያስረዳው ይህንን ነው። አንድ ሪአክሽን (የኬሚካል ለውጥ) እንዲካሄድ ሞለኪውሎቹ የሚያልፉት የጉልበት ወለል አለ፤ አክቲቬሽን ኢነርጂ እንለዋለን። ከዚያ ወለል በላይ ያሉት ከጠቅላላው ጥቂቶች ናቸው። አማካዩ ትንሽ ከፍ ሲል የእነዚያ የጥቂቶቹ ቁጥር በብዙ ያድጋል። ኢንዛይሙ በበኩሉ ወለሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያለ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ነገር በደቂቃዎች ያልቃል።

ቁልቁለቱ

በግራፉ ቀኝ በኩል የሚሆነው ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሞለኪውሎቹ እዚያም ፈጣን ናቸው፤ የቀነሰው የሚሠራው ኢንዛይም ብዛት ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ተጣጥፎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይዟል። ስታርቹ የሚገባበት አክቲቭ ሳይት የሚፈጠረው በዚያ እጥፋት ነው። እጥፋቱን የያዙት እንደ ሃይድሮጅን ቦንድ ያሉ ደካማ ትስስሮች ናቸው። ሙቀቱ ሲበዛ መዋቅሩ ይንቀጠቀጣል፣ ትስስሮቹ ይላቀቃሉ፣ እጥፋቱ ይፈታል። ይህ ዲናቸሬሽን ነው። የሰንሰለቱ ዋና ማያያዣ የሆነው ፔፕታይድ ቦንድ ግን አይበጠስም፤ «ኢንዛይሙ ተቆራረጠ» ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል። የእንቁላል ነጭ ሲሞቅ የሚነጣውና የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ማቀዝቀዝም መልሶ ፈሳሽ አያደርገውም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ የሰላ መሆኑንም ታያላችሁ። እነዚህ ደካማ ትስስሮች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፤ ጥቂቱ ሲለቅ ቀሪው አይቆምም። በዚህ ምክንያት ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ኢንዛይሙን ከሙሉ ሥራ ወደ ጥፋት ያደርሱታል።

አናቱ ስንት ላይ ነው?

በብቅል ስትሠሩ አናቱ ከ55 እስከ 70 ዲግሪ መካከል እንደሚሆን ጠብቁ። 37ን የጠበቁ ተማሪዎች የተሳሳቱ ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም፤ 37 ለሰው አካል እንጂ ለገብስ ሕግ አይደለም። ብቅል ውስጥ በዋናነት ሁለት አሚሌዞች አሉ። ቤታ አሚሌዝ ከሰንሰለቱ ጫፍ እየቆረጠ ማልቶስ የተባለ ስኳር ያወጣል፣ ከ65 ዲግሪ በላይ ቶሎ ይበላሻል። አልፋ አሚሌዝ ሰንሰለቱን ከመሐል ይቆርጣል፣ ሙቀትም የበለጠ ይችላል። የአዮዲኑን ቀለም በፍጥነት የሚያጠፋው በአብዛኛው አልፋው ነው። ቢራ ጠማቂዎች ድፍድፉን ከ62 እስከ 68 ዲግሪ ባለው መካከል የሚያቆዩት ሁለቱንም ለማሠራት ነው።

ግን መሬት ውስጥ ያለ የገብስ ዘር 60 ዲግሪ ፈጽሞ አያገኝም። ታዲያ ለምን እዚያ ላይ ይፈጥናል? መልሱ በለካችሁበት ጊዜ ርዝመት ውስጥ ነው። ሙከራችሁ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በ60 ዲግሪ ኢንዛይሙ እየሠራ ሊበላሽም ይችላል፣ ግን ጉዳቱ ጎልቶ ከመታየቱ በፊት ስታርቹ ያልቃል። ሙከራው ሰዓታት የሚፈጅ ቢሆን አናቱ ወደ ግራ፣ ወደ ዝቅተኛው ሙቀት ይሸሻል። ኦፕቲመም የሚባለው ቁጥር እንግዲህ በኢንዛይሙ ላይ እንደ ማኅተም የተመታ አይደለም፤ የመፍጠንና የመፍረስ እሽቅድምድም በአንድ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሰጠው ውጤት ነው። በሪፖርታችሁ «የብቅል አሚሌዝ ኦፕቲመም 65 ነው» ከማለት «በዚህ ዝግጅትና በዚህ ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ፍጥነት የታየው በ65 ዲግሪ ነው» በሉ።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት ግራፋችሁ መውረድ የጀመረበትን ሙቀት ውሰዱ። የብቅል ውሃውን ብቻውን በዚያ ሙቀት አንዱን ለ2፣ አንዱን ለ10፣ አንዱን ለ30 ደቂቃ አቆዩ፤ ከዚያ ሁሉንም በበረዶ አቀዝቅዛችሁ በ40 ዲግሪ ከስታርች ጋር ፈትኑ። የቆይታው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ስታርቹን ለመጨረስ የሚፈጀው ይረዝማል። ሙቀቱ አንድ ሆኖ ጉዳቱ የተለያየው በጊዜው ብቻ ነው።

የወተት ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚህ ስሌት ነው። ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ፓስቸራይዝ ይደረጋል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል የሚያስፈልገው ጊዜ እንዴት እንዳጠረ ተመልከቱ። ጥሬ ወተት ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ፓስቸራይዜሽን ሊያጠፋቸው ከታሰቡት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ትንሽ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥር የሚያደርገው ባለሙያ እያንዳንዱን ባክቴሪያ አይፈልግም፤ ይህ ኢንዛይም አሁንም ይሠራ እንደሆነ ይፈትናል። የሚሠራ ከሆነ ወተቱ በቂ ሙቀት ወይም በቂ ጊዜ አላገኘም፣ አለበለዚያም ከተሞቀ በኋላ ጥሬ ወተት ተቀላቅሎበታል።